ዳንቴል የለበሰው ሣጥን፦ አሮጌ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር መጠገን ለሚጀምር

ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ቤት ስትገቡ ቡፌው ላይ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ከባድ ሣጥን ማየት ብርቅ አይደለም። ዳንቴሉን ገለጥ ብታደርጉት ብርማ ፊት፣ ጡጫ የሚያህል የድምፅ ማዞሪያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሳንሱይ ወይም ፓዮነር ወይም ኬንዉድ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የባሕር ማዶ ዕቃ በዚህች ከተማ ሲያልፍ ኖሯል፤ ከሚያልፈውም እዚሁ የቀረ አለ። ያ ሣጥን በዘመኑ ሠርግ አድምቋል፣ የዓሊ ቢራን ዑድ ለሰፈር አሰምቷል። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ወገኑ ዝም አለ፤ ወይም ከዘፈኑ ሥር «እምም…» የሚል ጉርምርምታ ገባበት። ተነቀለ፣ ዳንቴል ለበሰ፣ «ሞቷል» ተባለ።

አብዛኛው አልሞተም። እስካሁን ከከፈትኳቸው ውስጥ ትራንዚስተሩ የተቃጠለ ጥቂቱ ነው። የቀረው የቆሸሸ መገናኛ፣ የደረቀ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅም ዕቃ) ወይም የተሰነጠቀ ሊድ (ዕቃውን ከሰሌዳው የሚያያይዝ ብየዳ) ነው፤ ሦስቱንም ጀማሪ ተምሮ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ዓመታት ቆሞ የኖረን ዕቃ የሚገድለው «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» ብሎ ሶኬት ላይ መሰካት ነው።

የአባቴን አምፕሊፋየር ያቃጠልኩት እኔው ነኝ፤ እንዲህ አድርጌ። አባቴ አሜሪካ ከኖረ ሰው የገዛው ነበር። በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ አጠገቡ ከሚቀመጥ ሌላ የብረት ሣጥን ጋር፣ ማለትም ኮረንቲውን ከ220 ቮልት ወደ 110 ከሚያወርድ ትራንስፎርመር ጋር ነበር የሚሰካው። ያ ሣጥን ለሰው ተውሶ በዚያው ቀረ። እኔ ይህን አላሰብኩም። አቧራውን ጠራርጌ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጀርባው ላይ ትንሽ የቮልት መምረጫ ነበረች፤ ቀስቷ 120 ላይ ቆማለች። የእኛ አገር ኮረንቲ 220 ቮልት ነው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውስጥ 35 ቮልት ለማግኘት የተሠራው ክፍል በአንድ ጊዜ ወደ 64 ቮልት ተላከበት፤ እስከ 50 ቮልት ብቻ የሚችሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አናታቸው ተቀደደ። ፊውዙ ሊያድነው ይገባ ነበር። በኋላ ሳወጣው ግን ከእኔ በፊት የነካው ሰው ፊውዙ ላይ የሽቦ ክር ጠምጥሞበታል። ያ ክር ኮረንቲውን ዝም ብሎ አሳለፈው። ሽታው ከክፍሉ እስኪወጣ ሁለት ቀን ፈጀ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ነው ለመማር የተቀመጥኩት።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠራ 100 ቮልት ይላል፤ ለአሜሪካ የተሠራ 120፤ ለአውሮፓ የተሠራ 220 ወይም 240። መምረጫ ያለው ከሆነ 220 ላይ ወይም 240 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። መምረጫ የሌለውና 100 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ፊውዙንም አውጥታችሁ እዩት። የሚፈቀደው የአምፔር መጠን አጠገቡ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ የሚበልጥ ፊውዝ ማስገባት ሽቦ ከመጠምጠም አይሻልም።

አሁን ውስጡ ምን እንደሚሠራ እናንሳ፤ ካልገባን የምናየው የሽቦ ጫካ ብቻ ነው የሚሆነው።

ብዙ ሰው አምፕሊፋየር ከስልክ ወይም ከሸክላ ማጫወቻ የመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ የሚያሳብጠው ይመስለዋል። ደካማው ምልክት ግን የሚሠራው ሥራ ማዘዝ ነው። የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ አስቡ። ቧንቧውን የሚያዞሩት ጣቶች ጉልበታቸው ትንሽ ነው፤ የሚወርደው ውሃ ከጣሪያው ሮቶ የመጣ ነው። ትራንዚስተር ማለት ያ ቧንቧ ነው። የዘፈኑ ምልክት ጣት ሆኖ ያዞረዋል፤ ውሃው ደግሞ ከግድግዳው የመጣ ኮረንቲ ነው። ስፒከሩን የሚገፋው እንግዲህ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ሲከፈትና ሲዘጋ የዋለ የመብራት ኃይል ኮረንቲ ነው። ይህን ካወቃችሁ የአሮጌ አምፕሊፋየር ችግር ለምን ብዙውን ጊዜ ከኮረንቲ መቀበያው ክፍል እንደሚጀምር ይገባችኋል፤ ሮቶው ከተበላሸ ቧንቧው ደህና ቢሆንም ውሃ የለም።

ሮቶውን እንቀጥል። ከግድግዳው የሚመጣው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ከባዱ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፤ አራት ዳዮዶች አቅጣጫውን ወደ አንድ ወገን ያደርጉታል። በዚህ ጊዜ ኮረንቲው በሰከንድ 100 ጊዜ ብቅ ጥልቅ እያለ የሚመጣ ማዕበል ነው። ይህን ማዕበል ተቀብለው አጠራቅመው የረጋ አድርገው የሚሰጡት ሁለቱ ጣሳ የሚመስሉ ትልልቅ ካፓሲተሮች ናቸው፤ አንዱ ለአዎንታዊው 35 ቮልት፣ ሌላው ለአሉታዊው (ቁጥሩ እንደ ዕቃው ይለያያል)። እነሱ ሲደርቁ ማዕበሉ ሳይረጋ ያልፍና ስፒከሩ ላይ ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል።

ጉርምርምታውን በጆሮ ብቻ መለየት ይቻላል። ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁም ያው ከሆነ፣ በሁለቱም ስፒከር ከመጣ፣ ዝዝዝ ወደሚል ሻካራ ድምፅ ካደላ፣ ያ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመታው ነው፤ የካፓሲተሮቹ ነገር ነው። ድምፅ ስትጨምሩ አብሮ የሚያድግ፣ የመግቢያውን ገመድ ስትነቅሉ የሚጠፋ ወፍራም «እምም» ከሆነ ግን አምፕሊፋየሩን መክፈት አያስፈልግም፤ ገመዱ ወይም ማጫወቻው ነው።

ሳይከፈት የሚሠራ ሌላም ፍተሻ አለ። አንዱ ወገን ዝም ካለ በመጀመሪያ የስፒከሮቹን ሽቦ ቀኝና ግራ ቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ካልተዛወረ የሞተው ስፒከሩ ነው። ከተዛወረ ወደ ቦታቸው መልሱና የመግቢያውን ገመዶች ቀያይሩ። አሁንም ከተዛወረ ጥፋቱ ከማጫወቻው ወይም ከገመዱ ነው። አልዛወርም ካለ ያኔ ሣጥኑን ክፈቱ። ቀያይሩ ስል ሁልጊዜ አጥፍታችሁ ነው፤ ሲሠራ የስፒከር ሽቦ እርስ በርሱ ከተነካካ ጤነኛውን ትራንዚስተር ታጣላችሁ።

ስትከፍቱ ከማንም ነገር በፊት የሚመጣው ሕይወት ነው፤ እዚህ ላይ ለመቸኮል የሚፈልግ ሰው እባኩን ይህን ሥራ ይተወው። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ በዓይናችሁ ፊት መሬት ላይ ይሁን። ማብሪያው ጠፍቷል ማለት አይበቃም፤ እስከ ማብሪያው ድረስ ያለው ሽቦ 220 ቮልት እንደያዘ ነው። ተነቅሎም እነዚያ ጣሳዎች ያጠራቀሙትን ይይዛሉ። ያን ለማራገፍ ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ማገናኘት ልማድ ሆኗል፤ ብልጭታው የካፓሲተሩን እግርና ሰሌዳውን ይጎዳል፣ ዓይንም ያገኛል። 1 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገታ ዕቃ) ሁለት ጫፉን በፕላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ አስረዝሙና በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አንድ ደቂቃ ያዙት። 10,000 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ትልቅ ካፓሲተር እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በመልቲሜትር (ቮልትና ኦም በሚለካ መሣሪያ) ለኩ፤ ከ1 ቮልት በታች ካልሆነ ድገሙት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ኮረንቲ እያለበት መለካት ሲመጣ አንድ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ቤት ውስጥ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ሕፃናት ደግሞ ከክፍሉ ይውጡ።

መክደኛው ሲነሳ የድሬ አምፕሊፋየር የሚያሳየው ነገር አለ። አቧራው ደቃቅ ነው፤ በየቡናው የሚጨሰው የዕጣን ጭስ ላዩ ላይ ስለሚያርፍበት ጣት ላይ የሚጣበቅ ቡናማ ሽፋን ይሆናል። የበረሮ ቤት አግኝቻለሁ። ዳንቴሉ ደግሞ፣ እናቶቻችን ሊያሳምሩት ያለበሱት፣ ሙቀቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ዘግቶ ኖሯል። ይህን ሁሉ በደረቅ የቀለም ቡሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ሰው የሚወደው አቋራጭ ነው፤ ከዚያ ቱቦ የሚወጣው አየር ግን ውሃና ዘይት ያዘለ ነው፣ ኃይሉም ቀጭን ሽቦ ይበጥሳል።

ስትጠርጉ ዓይናችሁ ሥራ ይኑረው። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ ከሥሩ የደረቀ ፈሳሽ፣ የጠቆረ ሬዚስተር፣ ቀለሙ የተለወጠ የሰሌዳ ጥግ ፈልጉ። ምንም ከመነካቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደገባ። ከሦስት ቀን በኋላ ሰማያዊው ሽቦ የት ነበር ስትሉ ፎቶው ይመልስላችኋል።

አሁን ለማብራት ደርሰናል፤ በቀጥታ ግን አይበራም። አንድ የማከፋፈያ ገመድ ውሰዱ፤ ካሉት ሽቦዎች ኮረንቲ የሚያመጣውን አንዱን ብቻ (የመሬቱን ሽቦ ሳይሆን) ቆርጣችሁ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ከአምፖል መያዣ ጋር አገናኙ፤ 100 ዋት አምፖል ክተቱበት። መገናኛው ሁሉ በሣጥን የተሸፈነ ይሁን፤ ራቁቱን የቀረ ሽቦ አይኑር። አምፖሉ ክር ያለው የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዛሬ ቤታችን ሁሉ ኤልኢዲ ስለሆነ የክሩን አምፖል ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ግን ፈልጉት።

አምፖሉ ለምን ይረዳል? አምፕሊፋየሩ የሚወስደው ኮረንቲ ሁሉ በአምፖሉ ክር ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሰው። 100 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ቢበዛ 0.45 አምፔር ያሳልፋል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቶ ቢሆን እንኳ የሚሆነው አምፖሉ ቦግ ብሎ መብራቱ ነው፤ የሚፈነዳና የሚጨስ ነገር ብዙውን ጊዜ አይኖርም። ስፒከር ሳታገናኙ፣ ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁ አብሩት። አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ወዲያው ከደበዘዘ ደስ ይበላችሁ፤ ካፓሲተሮቹ ሞልተው ረግተዋል ማለት ነው። ደምቆ ከቀረ ወዲያው አጥፉ፤ አንድ ቦታ ላይ የተገናኘ አለ፣ ብዙውን ጊዜ የውጤቱ ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ ነው። ጭራሽ ካልበራ ኮረንቲው እየገባ አይደለም፤ ገመዱን፣ ፊውዙንና ማብሪያውን ፈትሹ።

ከአምፖሉ ካለፈ በኋላ በጣም አስፈላጊው ልኬት ይመጣል። የውጤቱ ክፍል ሁለት ትራንዚስተሮች አሉት፤ አንዱ ስፒከሩን ይገፋል፣ ሌላው ይጎትታል። ዘፈን በሌለበት ሰዓት የሁለቱ ጉልበት እኩል ስለሚሆን ስፒከሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ዜሮ ቮልት መገኘት አለበት። አንዱ ተቃጥሎ ከተገናኘ ግን 35ቱ ቮልት በሙሉ ወደ ስፒከሩ ይፈሳል። 8 ኦም የሚባል ስፒከር ሽቦው በመልቲሜትር ሲለካ 6 ኦም ያህል ነው፤ 35ን ለ6 ስናካፍል ወደ 6 አምፔር፣ በሙቀት ደግሞ ከ200 ዋት በላይ ይሆናል። ፀጉር በሚያክል ሽቦ ላይ 200 ዋት ማለት በሰከንዶች ውስጥ ጭስ ነው። ስለዚህ ስፒከር ከመታሰሩ በፊት መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ የስፒከር መያዣ ላይ ለኩ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ100 ካለፈ ምክንያቱ ሳይገኝ ስፒከር አይታሰርም።

ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ይህን ራሳቸው የሚጠብቁበት ሪሌይ (በኮረንቲ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) አላቸው። ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ «ቻክ» የሚለው እሱ ነው፤ ልኬቱ ደህና መሆኑን አይቶ ነው ስፒከሩን የሚያገናኘው። (በአምፖሉ በኩል ስታበሩት ቮልቱ ስለሚያንስ ቻክ ላይል ይችላል፤ በዚህ አትደንግጡ። እንዲያ ከሆነ የለካችሁት ዜሮ አያስተማምንም፤ ሪሌዩ ባዶ መያዣ እያሳያችሁ ነው። ከሪሌዩ በፊት፣ ከአምፕሊፋየሩ ወገን ለኩ።) በሙሉ ኮረንቲም ቻክ አልል ካለ አንዳንድ ጠጋኝ ሪሌዩን በሽቦ አገናኝቶ «ሠርቷል» ብሎ ይመልሳል። ይህ በደል ነው። ሪሌዩ አላገናኝም ያለው ብዙውን ጊዜ ምክንያት ስላለው ነው፤ ሽቦው ዘበኛውን አሰናብቶ ሌባውን አስገባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሥራ በቅርበት ላሳያችሁ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። አምፕሊፋየራቸው ግማሽ ሰዓት ይዘፍንና ግራው ይጠፋል።

«ጋሼ፣ ሲጠፋ ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው።

«አናቱን መታ ነዋ! መታ ሳደርገው ይመለሳል። አሁን አሁን ግን ጡጫም አይበግረው፣ አቦ።»

ይህች መልስ ግማሹን ሥራ ጨረሰችልኝ። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲመታ የሚመለስ ነገር የተቃጠለ ዕቃ አይደለም፤ የላላ መገናኛ ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ሲበራና ሲጠፋ ስንት ዓመት እንዲህ ሲሆን የኖረ የሊድ ነጠብጣብ በመጨረሻ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ሰሌዳውን ገለበጥኩ፤ በመስኮት ብርሃን አዘንብዬ በስልኬ ካሜራ እያጎላሁ እግር በእግር ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ሙቀት ማስወገጃው ብረት ሥር፣ ከአንዱ ትራንዚስተር መካከለኛ እግር ዙሪያ፣ ፀጉር የምታክል ጥቁር ቀለበት ታየችኝ። የጥርስ መፋቂያ እንጨት ወስጄ እግሩን ገፋ አደረግኩት፤ እግሩ በቀለበቷ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ሊዱ በቦታው ቀርቷል፣ እግሩ ብቻ ነው የሚሄደው። የመላው ብልሽት ያ ነበር።

አሮጌው ሊድ ላይ አዲስ መደረብ አይበቃም። አሮጌውን በመምጠጫ አንሱ፣ እግሩን አጽዱ፣ ከዚያ 60 በመቶ ቆርቆሮ 40 በመቶ እርሳስ የሆነውን ሊድ ተጠቀሙ። መበየጃው ወደ 350 ዲግሪ ይሙቅ። ጫፉ እግሩንም የሰሌዳውን መዳብም በአንድ ጊዜ ይንካ፤ ሊዱ ከመበየጃው ሳይሆን ከሞቀው እግር ላይ ይቅለጥ። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል። በትክክል የተሠራ ብየዳ ያብረቀርቃል፤ ቅርጹ ከጫፍ ወደ ታች እንደሚወርድ የተራራ ቁልቁለት ነው። ኳስ መስሎ ከተቀመጠ አልያዘም። እጃችሁ እስኪለምድ በተጣለ የቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ ሃምሳ ጊዜ ተለማመዱ፤ የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለምናችሁ አታጡም።

ስቴሪዮ ለጀማሪ የሚሰጠው አንድ ትልቅ ስጦታ አለ፤ ሁለት ወገኑ አንድ ዓይነት ነው። ግራው ከታመመ ቀኙ መጽሐፋችሁ ነው። የጋሼን ስጠግን የአምፕሊፋየሩ የሽቦና የዕቃ አገናኝ ንድፍ አልነበረኝም። በቀኙ ላይ ያለውን ቮልት ነጥብ በነጥብ ለክቼ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ፤ ግራው ላይ ያንኑ ነጥብ ለካሁ። ቁጥሩ የተለያየበት ቦታ ነው ወደ ስንጥቁ የመራኝ። ለብዙዎቹ ታዋቂ ሞዴሎች ሰርቪስ ማንዋል በኢንተርኔት ይገኛል፤ ከተገኘ አትሙት። ካልተገኘም ሥራው አይቆምም።

ካፓሲተር መቀየር ላይ ሰው ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «ሁሉንም ቀይር» ይላል፤ ሌላው «የሚሠራን አትንካ»። እኔ ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ግን የድሬን ሙቀት ጨምሬ። የእነዚህ ካፓሲተሮች ሆድ ውስጥ እርጥብ ፈሳሽ አለ፤ ሙቀት ያደርቀዋል። በባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። በ85 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የሚቆይ ተብሎ የተሠራ ካፓሲተር ሣጥኑ ውስጥ 45 ዲግሪ ቢሆን 32,000 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ 55 ዲግሪ ቢሆን 16,000። ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ተደርቦ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ ገምቱ። ስለዚህ ትልልቆቹን ሁለቱን፣ ከሙቀት ማስወገጃው አጠገብ ያሉትን ትንንሾችና ያበጡትን ሁሉ ቀይሩ። የቀሩትን ተዉአቸው።

ስትቀይሩ ማይክሮ ፋራዱ እኩል ወይም በትንሹ የሚበልጥ፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል አዲስ ግዙ። ከሌላ አሮጌ ዕቃ የተነቀለ አትግዙ፤ የደከመን በደከመ መተካት ነው። የአሉታዊው እግር መስመር የት ጎን እንደነበረ ፎቶውን እያያችሁ አስገቡ። ተገልብጦ ከገባ ይፈነዳል። አንድ በአንድ አውጡ፣ አንድ በአንድ አስገቡ።

የሚንኳኳና ሲዞር «ክርርክ» የሚል የድምፅ ማዞሪያ ቀላሉ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ በቀዳዳው ጥቂት ነፍታችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙሩት። ቤንዚን ቅባቱን አጥቦ ማዞሪያውን ያደርቀዋል፤ ከእሳትም ጋር አይስማማም። የበር ማጠፊያ የሚቀባበት ተራ ዘይትም ለጊዜው ዝም ያሰኝና አቧራ ይሰበስባል።

ትራንዚስተር የተቃጠለ ከሆነ ግን ጠንቀቅ ማለት አለ። ኮረንቲ በሌለበት መልቲሜትሩን በዳዮድ ላይ አድርጉ፤ ጤነኛ መገናኛ በአንድ አቅጣጫ 0.5 እስከ 0.7 ያሳያል፣ በሌላው አያሳይም። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ከጮኸ ተቃጥሏል። አብሮት የሚሠራው ጥንድና ከኋላው ያለው ትንሹ ትራንዚስተርም ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ እነሱንም ፈትሹ። ከገበያ ስትገዙ ስሙ ተጽፎበት ውስጡ ሌላ የሆነ አስመሳይ በጣም ብዙ ነው፤ ርካሽነቱ ያጠራጥራችሁ። ስታስገቡ በትራንዚስተሩና በብረቱ መካከል የነበረችውን ቀጭን የሚካ ወረቀት አትርሱ። የትራንዚስተሩ ብረታማ አካል ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ቮልት የተሸከመ ነው፤ ያቺ ወረቀት ናት ከሣጥኑ የምትለየው። የሙቀት ቅባቱ በሁለቱም ፊቷ በስሱ ይቀባ። ከታሰረ በኋላ በመልቲሜትር አካሉና ሙቀት ማስወገጃው እንዳልተገናኙ አረጋግጡ።

የመጨረሻው ልኬት ዘፈን በሌለበት ሰዓት በትራንዚስተሮቹ ውስጥ የምታልፈው ትንሽ ኮረንቲ ናት። የሚገፋውና የሚጎትተው ሸክም ሲቀባበሉ ሁለቱም ነቅተው መጠበቅ አለባቸው፤ አንዱ ካሸለበ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ዘፈኑ ይሻክራል። ከመጠን በላይ ከነቁ ደግሞ ይሞቃሉ። ትራንዚስተር በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 2 ሚሊ ቮልት ያህል በቀለለ ይከፈታል፤ ስለዚህ የሞቀ ተጨማሪ ያሳልፋል፣ ተጨማሪ ያሳለፈ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን የሚገታው ሙቀት ማስወገጃው ላይ የተለጠፈው ትንሹ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ነው፤ ተላቆ ከተገኘ መልሳችሁ ሳታስሩ እንዳታበሩ። ልኬቱ በውጤቱ ትራንዚስተር አጠገብ ባለው ትልቅ ነጭ ሬዚስተር ላይ ነው። 0.47 ኦም ከሆነና 10 ሚሊ ቮልት ካሳየ ወደ 21 ሚሊ አምፔር ያልፋል ማለት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማንዋሉ ይናገራል። ማንዋል ከሌላችሁ ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ከሆኑና ብረቱ ለብ ከማለት ካላለፈ ይህን ቁጥር የምትለውጠውን ትንሽ ማስተካከያ አትንኳት። አሮጌ ማስተካከያ ስትዞር ለቅጽበት መገናኛዋን ከሳተች፣ በብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ ትራንዚስተሩ እስከ ጥግ ይከፈታልና ያኔውኑ ሊቃጠል ይችላል።

ሁሉም ደህና ከሆነ አምፖሉን አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩት፤ የስፒከሩን ዜሮ አንድ ጊዜ እንደገና ለኩ፤ ከዚያ የማታዝኑለትን ርካሽ ስፒከር እሰሩ። አራት ሰዓት ይዝፈን። በየግማሽ ሰዓቱ እጃችሁን ብረቱ ላይ አድርጉ፤ የጋሼው ስንጥቅ እንዳስተማረኝ አንዳንድ ብልሽት የሚወጣው ሲሞቅ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያው ግፊት ኃይለኛ ሊሆን ስለሚችል መብራት እንደሄደ ንቀሉት፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ሰኩት።

የጋሼን ስመልስ ዳንቴሉን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አንስቼ ከአጠገቡ፣ ስፒከሩ አናት ላይ አደረግኩት፤ ባለቤታቸው አይተው ምንም አላሉም። ከመክደኛው ውስጠኛ ፊት ደግሞ አንዲት ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ የተሠራበት ቀን፣ የተቀየሩት ካፓሲተሮች፣ ግራ 12 ሚሊ ቮልት፣ ቀኝ 9 ሚሊ ቮልት፣ ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሆነ። ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ሰው ከዚያ ይጀምራል።